«ጌት»ን አይሸምድዱት፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ይዩ

ጥያቄ፦ «‹ጌት› የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መዝገበ ቃላት ላይ ብፈልገው ከሠላሳ የማያንስ ፍቺ ተደርድሮ አገኘሁ። ደብተሬ ላይ ገልብጬ ሁለት ወር ሙሉ ሸመደድኩት። ሰው ሲያወራ ስሰማ ግን አንዱም አይመጣልኝም። ዋናው ትርጉሙ ‹አገኘ› ነው ብዬ ይዤ ነበር፤ እሱም ብዙ አላስኬደኝም። በዚያ ላይ አስተማሪያችን ‹ጌት› የሰነፍ ቃል ነው፣ አትጠቀሙበት ይለናል። ትክክለኛው ትርጉም የትኛው ነው? እንዴትስ ልያዘው?»

ምላሽ፦ ሽምደዳውን ዛሬውኑ ያቁሙ። ሁለት ወር የለፉበት ስለሆነ ይህን መስማት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ሦስተኛ ወር ቢጨምሩበት ግን የሚለወጥ ነገር የለም። መዝገበ ቃላት ፍቺ የሚደረድረው ያልገባውን ዓረፍተ ነገር ይዞ የመጣ ሰው እንዲፈልግበት ነው። ከላይ እስከ ታች በቃል እንዲያዝ ተብሎ የተዘጋጀ ዝርዝር አይደለም።

የፍቺዎቹ ብዛትም አያስደንግጥዎ። «ሮጠ» የሚል መሠረታዊ ትርጉም ያለው «ራን» የተባለው ግስ በኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት 645 ፍቺ እንደተቆጠረለት እ.ኤ.አ. በ2011 ተነግሯል። ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ግን 645 ነገር ተቀምጦ አላጠናም። ቁጥሩ የሚያሳየው አዘጋጆቹ ምን ያህል ጥቃቅን ልዩነት ለይተው እንደመዘገቡ ነው። አንዱ መዝገበ ቃላት አሥር ብሎ የሚያልፈውን ሌላው መቶ የሚያደርሰውም ለዚህ ነው።

«ገባ» የሚለውን የራሳችንን ቃል ይውሰዱ። ቤት ገባ፣ ክረምት ገባ፣ ሥራ ገባ፣ ዕዳ ውስጥ ገባ፣ ቃል ገባ፣ ጣልቃ ገባ፣ ጥርጣሬ ገባው፣ ትምህርቱ ገባው። «ገባ» ስምንት ፍቺ አለው፣ አጥና ብሎ ያስተማረዎት ሰው የለም። «ቃል» ሲቀድመው አንድ ነገር፣ «ጣልቃ» ሲቀድመው ሌላ ነገር መሆኑን ሳያስቡት ያውቁታል። ትርጉሙን የሚነግርዎት ጎረቤቱ ነው። «ጌት»ም እንዲሁ በጎረቤቱ ይነበባል። ልዩነቱ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ጎረቤቱ ቀድሞ መምጣቱ፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ ከኋላ መከተሉ ነው። እርስዎን የሚያደናግርዎትም ይኸው ይመስለኛል፦ «ጌት»ን እንደሰሙ ትርጉም ፍለጋ ይሮጣሉ፤ ትርጉሙ ግን ገና አልተነገረም።

አሁን ወደ «አገኘ» እንምጣ። በታሪክ ካየነው «አገኘ» ቀዳሚ መሆኑ ልክ ነው። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከቫይኪንጎቹ ቋንቋ ከጥንታዊ ኖርስ ነው። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ እንግሊዝን መውረር የጀመሩት እነዚህ ሰዎች ኋላ እዚያው ሰፍረው ከነዋሪው ጋር ሲጋቡና ሲገበያዩ እጅግ ተራ የሚባሉ ቃሎቻቸውን ትተው አልፈዋል። «ወሰደ» ማለት የሆነው «ቴክ» እና «እነሱ» ማለት የሆነው «ዘይ» ከእነዚህ መካከል ናቸው። «ጌት»ም በእነሱ ዘንድ ማግኘት፣ መጨበጥ ማለት ነበር። የቃሉ ዘመድ በጥንቱ እንግሊዝኛም ነበረ፤ ዛሬ «ፎርጌት» በሚለው ቃል ውስጥ ይኖራል። «ረሳ» ማለት በመነሻው የጨበጡትን መልቀቅ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳውቅ ቃሉ ዳግመኛ የማይረሳኝ ሆነ።

ዛሬ ባለው አነጋገር ግን «አገኘ» ከብዙ አገልግሎቶቹ አንዱ ብቻ ነው። ሁሉንም በአንድ የሚይዘው ሐሳብ «ካልነበረበት ወደሆነበት ተሻገረ» የሚለው ነው። የተሻገረው ወደ ዕቃ ባለቤትነት ከሆነ አገኘ፣ ተቀበለ፣ ገዛ እንላለን። ወደ አንድ ሁኔታ ከሆነ ሆነ። ወደ ቦታ ከሆነ ደረሰ። ነገሩን ወደ መረዳት ከሆነ ደግሞ ገባው፤ «አይ ጌት ኢት» ማለት «ገባኝ» ነው። ይህን ሐሳብ ለመያዣ ያህል ይውሰዱት እንጂ ሁሉንም ይፈታል ብለው አይመኩበት። የት ላይ እንደሚያቆም ወደኋላ እነግርዎታለሁ።

ለአማርኛ ተናጋሪ ከዚህ የሚበልጥ ቁልፍ አለ። አማርኛ ግሱን ከውስጥ እየለወጠ የሚሠራውን ሥራ እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ «ጌት»ን ከፊት አቁሞ ይሠራዋል። «ተ» ጨምረን ተባረረ እንላለን፤ «አስ» ጨምረን አሠራ እንላለን፤ «ልኝ» ጨምረን አምጪልኝ እንላለን። ለሦስቱም እንግሊዝኛው «ጌት» ሊል ይችላል። «ጌት»ን እንደ አንድ ሙሉ ቃል ሲተረጉሙት የሚያመልጥዎ በእኛ ቋንቋ አቻው ቃል ሳይሆን እንዲህ ያለ ምዕላድ ስለሚሆን ነው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው «ጌት» ቅጽል ሲከተለው ያለው ነው። «አይ አም ታየርድ» ማለት ደክሞኛል፣ «አይ አም ጌቲንግ ታየርድ» ማለት እየደከመኝ ነው። የመጀመሪያው ያሉበትን ሁኔታ፣ ሁለተኛው ወደዚያ መሄድዎን ይናገራል። ርቦኛል እና እየራበኝ ነው፣ ጨልሟል እና እየጨለመ ነው፣ ተናዷል እና ተናደደ፤ ልዩነቱ በአማርኛም አለ፤ የሚታየው ግን በግሱ እርባታ እንጂ ራሱን በቻለ ቃል አይደለም። ስለዚህ ብዙ ተማሪ ለሁለቱም «አም» እና «ዋዝ» እያለ ያልፋል፣ ለውጡም ይሰወራል። በጋብቻ ላይ በግልጽ ይታያል። «ሺ ኢዝ ሜሪድ» ባለትዳር ናት፤ «ሺ ጎት ሜሪድ» አገባች («ጎት» የ«ጌት» ያለፈ ጊዜ ነው)። ሠርጉ የተደረገበትን ቀን መናገር ከፈለጉ ሁለተኛው ያስፈልግዎታል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ «ጌት» ሆነ የሚለውን ትርጉም የሚሰጠው ከቅጽል ጋር እንጂ ከስም ጋር አይደለም። ሐኪም ሆነ ለማለት «ሂ ጎት ኤ ዶክተር» ቢሉ የሚሰማው ሰው ሐኪም ፈልጎ አመጣ ብሎ ይረዳል። ለዚህ «ቢኬም» ነው የሚያስፈልገው። ሁለተኛ፣ ሁሉም ቅጽል «ጌት»ን አይቀበልም። ራሰ በራ ሆነ፣ ዓይኑ ጠፋ፣ ምግቡ ተበላሸ የሚሉትን እንግሊዝኛ «ጎ» በሚለው ግስ ይናገራቸዋል። ቀለም ሲለወጥም «ተርን» ወይም «ጎ» ይላል። ከሐሳቡ ተነስተው ሊገምቱት አይችሉም፤ ሲያጋጥምዎት ከነጓደኛው ይያዙት።

ቀጥሎ ያለው ለእኛ ቀላል መሆን ሲገባው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ፀጉር ቤት ደርሶ የመጣ ተማሪ ስንት ጊዜ «አይ ከት ማይ ሄር» ሲለኝ ሰምቻለሁ። ይህ እንግሊዝኛ የሚለው መቀስ አንስቼ በገዛ እጄ ቆረጥኩት ነው። «መኪናዬን አሠራሁ» ለማለት «አይ ሪፔርድ ማይ ካር» ካሉም መካኒክ ነዎት ማለት ነው። ትክክሉ «አይ ጎት ማይ ሄር ከት»፣ «አይ ጎት ማይ ካር ሪፔርድ» ነው። አሁን አማርኛውን ልብ ይበሉ፦ ፀጉሬን ተቆረጥኩ። ፀጉሬን ተሳቢ ነው፣ ግሱ ደግሞ «ተ» አለበት፤ ሥራውን የሠራው ሌላ ሰው፣ ነገሩ የሆነው ግን በእኔ ነው። የእንግሊዝኛው አወቃቀርም ይህንኑ ነው የሚለው። ስልኬን ተሰረቅኩ ሲሉም ቅርጹ አንድ ነው፦ «አይ ጎት ማይ ፎን ስቶለን»። እዚህ ላይ ግን «ጎት» የጥንቃቄ ጉድለት የነበረብዎ ሊያስመስል ስለሚችል የደረሰብኝን ብቻ ልናገር ካሉ «ሃድ» ይሻላል።

የቃላቱን ቅደም ተከተል አይልቀቁ። ነገሩ በመሐል ይገባል፦ መጀመሪያ «ጎት»፣ ከዚያ ፀጉሬ፣ መጨረሻ የተቆረጠው። «አይ ጎት ከት ማይ ሄር» የሚባል ነገር የለም።

ሰውን አግባብቶ ወይም ገፋፍቶ ማሠራትም በዚሁ ቤት ነው፤ ነገር ግን ሰው ከሆነ «ቱ» ይገባል። «አይ ጎት ሂም ቱ ሳይን» ማለት እንዲፈርም አደረግኩት ነው፤ በውስጡም ትንሽ ማባበል ወይም ትንሽ ድካም አለ። በ«ሜክ» ብንለው ማስገደድ ይሆናል፣ በ«ሌት» ብንለው መፍቀድ። «ሜክ» እና «ሌት» «ቱ» አይፈልጉም፤ «ጌት» ይፈልጋል። ይህቺ «ቱ» በጣም ብዙ ሰው የሚጥላት ናት።

«ተ» ብቻውን ሲሆን፣ ማለትም ተባረረ፣ ተመታ፣ ተከፈለው ስንል፣ «ጎት ፋየርድ»፣ «ጎት ሂት»፣ «ጎት ፔይድ» ይባላል። «ዋዝ» ቢሉም ልክ ነው፤ «ጎት» የንግግር ነው፣ በባለቤቱ ላይ የደረሰ ክፉ ወይም ደግ ነገር መሆኑንም ያሰማል። ስለዚህ ለማንም ያልደረሰ፣ ዝም ብሎ የተነገረ ድርጊት ላይ አያምርም። ድልድዩ በዚህ ዓመት ተሠራ ለማለት «ዋዝ ቢልት» ይበሉ።

አሁን ከላይ የሰጠሁዎት ሐሳብ የማይፈታው ጋ ደረስን፤ «ሃቭ ጎት» ይባላል። አንድ ተማሪዬ ከውጭ አገር ሰው ጋር በስልክ ሲያወራ ሰውየው «አይ ሃቭ ጎት ኤ ጆብ» አለው። ተማሪዬ ደስ ብሎት እንኳን ደስ ያለህ፣ መቼ ጀመርክ ብሎ ጠየቀ። ሰውየው ለጊዜው ግራ ገባው፤ ከዚያው ሥራ ላይ ዓመታት አስቆጥሯል። ማለት የፈለገው ሥራ አለኝ ነበር። «ሃቭ ጎት» ቅርጹ ያለፈ ይመስላል፣ ትርጉሙ ግን የአሁን ነው። እንግዳ እንዳይሆንብዎ «ይዣለሁ» የሚለውን ያስቡ፦ እስክሪብቶ ይዣለሁ ስንል ድሮ ስለመጨበጣችን አናወራም፤ አሁን እጃችን ላይ አለ ማለታችን ነው። እንግሊዞችም ካገኘሁት በኋላ አለኝ ከማለት ተነስተው አለኝ ላይ ቀሩ።

በዚህ መንገድ ካዩት ተከታዩም ይቀልዎታል። «ሃቭ ጎት» አለኝ ከሆነ «ሃቭ ጎት ቱ» አለብኝ ነው። «አይ ሃቭ ጎት ቱ ጎ»፣ መሄድ አለብኝ። አለኝና አለብኝ ከአንድ «አለ» እንደወጡ ሁሉ የእንግሊዝኛዎቹም ከአንድ ሥር ወጥተዋል። ለድሮ ጊዜ ግን «ሃድ ጎት» እያሉ አይቀጥሉ፤ መኪና ነበረኝ ለማለት «ሃድ» ብቻውን ይበቃል። አሜሪካኖች ደግሞ ሁለቱን ይለያሉ፦ ለአለኝ «ሃቭ ጎት»፣ ለአግኝቻለሁ ወይም ለሆኛለሁ «ሃቭ ጎትን» ይላሉ። በዛሬው የብሪታንያ እንግሊዝኛ «ጎትን» ብዙም አይሰማም። ሁለቱም ትክክል ነው፤ አንዱን መርጠው ይጽኑበት።

ስለ ቦታ ብዙ የምለው የለኝም። «ጌት ቱ» ከቦታ ስም ጋር ደረሰ ማለት ነው፤ «ሆም»፣ «ሂር» እና «ዜር» ግን «ቱ» አይወዱም፤ ስለዚህ ቤት ደረስኩ «አይ ጎት ሆም» ነው። መሳፈር ሲሆን ለትንሽ መኪና «ጌት ኢን»፣ ለአውቶቡስ፣ ለባቡርና ለአውሮፕላን «ጌት ኦን» ይላሉ፤ ውስጡ ቆመው ሊራመዱበት የሚችሉት ሁሉ «ኦን» ነው ብለው ቢይዙ ብዙ አይስቱም። ፈረስና ብስክሌትም እላያቸው ላይ ስለሚወጣባቸው «ኦን» ናቸው።

ሌሎቹን «ጌት» ከትንንሽ ቃላት ጋር ተጣምሮ የሚፈጥራቸውን፣ «ጌት አፕ» ተነሳ፣ «ጌት ኦቨር» ከሐዘን ወይም ከሕመም አገገመ፣ «ጌት አሎንግ» ተስማማ፣ «ጌት ባይ» እንደምንም ኖረ፣ «ጌት አዌይ ዊዝ» አጥፍቶ ሳይቀጣ ቀረ የሚሉትን፣ ለብቻ ቃል ይቁጠሯቸው። አንዳንዶቹ ከመሻገር ሐሳብ ጋር ሊያያዙ ይችላሉ፤ አስቀድሞ መገመት ግን አይቻልም። መገመት እንደሚቻል የሚያስተምሩ ሰዎች ተማሪውን በከንቱ ያደክማሉ። አንዳንዴም አንዱ አገላለጽ እንደ አነጋገሩ ይገለበጣል። «አይ ጎት ሎስት» መንገድ ጠፋኝ ነው፤ በትእዛዝ «ጌት ሎስት» ካሉ ግን ከፊቴ ጥፋ ማለት ነው። አማርኛውም በአንድ «ጠፋ» ሁለቱንም መናገሩን ያስተውሉ፤ መንገድ ለጠፋበት ሰው ማዘን ፈልገው እንዳይሰድቡት ይጠንቀቁ።

አስተማሪዎ ስላሉት ነገር። «ጌት» የሰነፍ ቃል ነው የሚለው ከግማሽ እውነት የመጣ ነው። በማመልከቻ፣ በሪፖርት፣ በጥናት ጽሑፍ «ጌት» በብዛት ሲገባ ጽሑፉ የንግግር ለዛ ይይዛል፣ ትርጉሙም ይላላል። እዚያ ላይ ለተቀበልኩ «ሪሲቭድ»፣ በጥረት አግኝቼ በእጄ አስገባሁ ለማለት «ኦብቴንድ»፣ ለሆነ «ቢኬም»፣ ለደረሰ «አራይቭድ» ቢሉ ጽሑፉ ይጠራል፤ የትኛውን እንደፈለጉ ለራስዎም ይለይልዎታል። በንግግር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጓደኛዎን «ዊል ዩ ኦብቴን ሚ ሰም ዋተር» ቢሉት ይረዳዎታል፣ ግን ይደነግጣል። ውሃ አምጣልኝ «ጌት ሚ ሰም ዋተር» ነው። «ጌት»ን ከአፉ ያስወጣ ተማሪ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቀኑን ሙሉ የሚናገሩትን ላለመስማት ራሱን ማሠልጠኑ ነው። ይህ ክልከላ ጉዳት እንዳለው ደጋግሜ ስላየሁ እዚህ ላይ ከአስተማሪዎ ጋር አልስማማም፤ ክልከላው በደብዳቤ ላይ ይቁም።

ምክሬ ይህ ነው። ደብተርዎን ከአዲስ ገጽ ይጀምሩ፣ ፍቺ ግን አይጻፉበት። ለሁለት ሳምንት ያነበቡትንና የሰሙትን «ጌት» በሙሉ ከነዓረፍተ ነገሩ ይመዝግቡ፤ ከ«ጌት» ቀጥሎ ያለውን ቃል ብቻ አስምረው ጎኑ ላይ ምን እንደሆነ ይጻፉ፦ ስም፣ ቅጽል፣ ቦታ፣ ወይስ የተደረገ ድርጊት። ትርጉሙን በአማርኛ የሚጽፉት ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱንም በአንድ ቃል ሳይሆን እርስዎ በዚያ ቦታ ቢሆኑ በሚሉት ዓረፍተ ነገር። ከእነዚህ ሁሉ መጀመሪያ በአፍዎ እንዲለመድ የሚሠሩት የቅጽሉ ይሁን፣ ቀጥሎ የፀጉሩ፤ ሁለቱ ሳይለመዱ ወደ «ጌት ኦቨር» እና ወደ ዘመዶቹ አይለፉ። መዝገበ ቃላቱንም ይቀይሩት፦ ለቋንቋ ተማሪዎች ተብሎ የተዘጋጀ፣ በእያንዳንዱ ፍቺ ሥር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያለበት ይሁን። ፍቺውን ዘልለው ዓረፍተ ነገሩን ያንብቡ። አንድ ሰው ሲያወራም «ጌት» ሲል ከሰሙ ተርጉመው አይቅደሙት፤ ቀጥሎ ያለውን ቃል እስኪጨርስ ይጠብቁት።